የጠገበ ሰው በሽታና የ1977 ልጆች

(ከቅሬያችን ጸሐፊ የቀረበ)



ይህች መጽሔታችን በየዓመቱ ስትዘጋጅ እኔ ዘወትር የማቀርበው የገቢና ወጪውን ሒሳብ፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ቆጠራ፣ እንዲሁም በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን አባሎች ስም ዝርዝር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ግን የቅሬው ሽማግሌዎች ስለፈቀዱልኝ ከሒሳቡ ሌላ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ለማቅረብ ተነሣሁ። ታሪክ ስል የነገሥታትና የዘመቻ ታሪክ ማለቴ አይደለም። በደማችን ውስጥ ስለሚዞረው ቅባት፣ ያንን ቅባት ስለሚቀንሰው ኪኒን፣ ስለ እኛም ስለ ቆቦና ስለ ራያ ቆላ ሰዎች ነው። ምኑ ከምን ይገናኛል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩን ያስጀመረኝ የቅሬው መዝገብ ነው። በመዝገባችን ላይ ሟቹ በምን ምክንያት እንዳረፈ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ይሁን እንጂ ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከስሙ ጎን በእርሳስ አንድ ሁለት ቃል የመጣል ልማድ ነበራቸው። የድሮው ገጽ «በወባ»፣ «በወሊድ»፣ «በተቅማጥ»፣ «በኩፍኝ» ይላል። ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ ደግሞ «ድንገት»፣ «ተኝቶ አደረ»፣ «ደረቴን ብሎ»፣ «ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት» የሚሉት እየበዙ ይሄዳሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ የጻፍኩትን ሁሉ አስቀድሜ በሙያው ላለ ሰው አሳይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጎሊና ወንዝ ማዶ ማሳ ድረስ በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ ገበሬ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ራሱን እያዞረው፣ አንድ እጁንም እየደነዘዘው ስላስቸገረው ወደ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ ደም ብዛቱን ለካና ደሙ በላቦራቶሪ እንዲታይ አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ «በደምህ ውስጥ ያለው ቅባት ከልክ በላይ ነው» አለው። ወንድሜ ሳቀ። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብሎ፣

«አያ፣ እኔ በየትኛው ጮማዬ ነው ሞራ የምይዘው? ይህ እኮ የጠገበ ሰው በሽታ ነው» አለኝ።

ሐኪሙም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልሱን ያገኘሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው፤ መልሱም የሚያስቅ አልነበረም።

«የጠገበ ሰው በሽታ» የሚለው አነጋገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሳይንሱ ራሱ የተጀመረው በጠገቡ አገሮች ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ኒኮላይ አኒችኮቭ የሚባል የሩስያ ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ኮሌስትሮል የተባለውን ቅባት በሱፍ ዘይት እያሟሟ ለጥንቸሎች አበላ። የጥንቸሎቹም የደም ሥር ግድግዳ እንደ ሰው የደም ሥር ቅባት እየያዘ መጥበብ ጀመረ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1948 በአሜሪካ አገር ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ሰዎች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ኑሯቸውና በሽታቸው ይከታተል ጀመር። ደም ብዛት ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ በደሙም ውስጥ ኮሌስትሮል የበዛበት ሰው ልቡ ቶሎ እንደሚታመም በሰፊው የታወቀው ከዚህ ጥናት ነው። እንግዲህ ፍራሚንግሃም የስጋና የቅቤ አገር ስለሆነ፣ በሽታው የዚያ ሰፈር ነው፣ የእኛን የማሽላ እንጀራ በላተኛ አይነካም የሚል አስተሳሰብ አደረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። ሰውነታችን የአካሉን ሕዋሳት የሚሠራበት፣ ሐሞትንም የሚያዘጋጅበት አስፈላጊ ነገር ነው። አብዛኛውንም ከምግብ ሳይሆን በራሱ ጉበት ውስጥ ያመርተዋል። ጮማ ያልቀመሰ ሰው ጉበቱ ከልክ በላይ ሊያመርት፣ ወይም ከደም ውስጥ መልሶ መጥረጉ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ የሰው ቅጥነት ማስረጃ አይሆንም። ከኮሌስትሮል ሌላም ትራይግሊሰራይድ የሚባል የቅባት ዓይነት አለ፤ እርሱ ደግሞ በስኳርና በመጠጥ ጭምር ከፍ የሚል ነው።

ወደ ኪኒኑ ታሪክ ልግባ። ታሪኩን ሳነብ ያስደነቀኝ የዓመተ ምሕረቶቹ መገጣጠም ነው።

በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተሰብ በ1933 የተወለደ አኪራ ኤንዶ የሚባል ሰው ነበር። አያቱ ገና በልጅነቱ ስለ እንጉዳይና ስለ ሻጋታ ያስተምሩት ነበር ይባላል። አድጎ ሳንክዮ በሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ተመራማሪ ሆነ። ፍሌሚንግ የተባለው ሳይንቲስት ፔኒሲሊንን ከሻጋታ ማግኘቱን ያውቅ ስለነበረ፣ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚያግድም ሻጋታ ይኖር ይሆናል ብሎ አሰበ። ከ1971 ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 6,000 የሚሆኑ የሻጋታ ዓይነቶችን አንድ በአንድ መረመረ። የፈለገውን በ1973 አገኘው። ኪዮቶ ከተማ ከሚገኝ እህል ቤት በተወሰደ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሰማያዊ ሻጋታ ነበር። ስሙንም ኮምፓክቲን አሉት።

(ይህን አንብቦ የሻገተ ማሽላ መድኃኒት ነው የሚል አባል እንዳይኖር እለምናለሁ። ጎተራው እርጥበት ገብቶበት የሻገተ እህል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ኤንዶ ከ6,000 መካከል አንዱን መርጦ፣ ከዚያም ውስጥ አንዷን ቅመም ነጥሎ ነው ያወጣው።)

በዚያው 1973 በእኛ አገር ምን ነበር? በእኛ አቆጣጠር 1965 ነው። ዝናብ ቀርቶ የወሎ ሕዝብ በደሴ መንገድ ዳርና ዳር የተሰለፈበት፣ የእኛም የራያና ቆቦ አውራጃ ከሁሉ የባሰ ከተጎዱት አንዱ የነበረበት ዘመን ነው። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሀቡን በፊልም ለዓለም አሳየ። አንዱ አገር ከእህል ላይ የቅባት መቀነሻ ሲፈልግ ሌላው አገር እህሉን ራሱን አጥቶ ነበር።

ኮምፓክቲንን በአይጦች ላይ ሲሞክሩት አልሠራም። ነገሩ እዚያው ላይ ሊቀር ሲል ኤንዶና አንድ ባልደረባው እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ሰጧቸው። እንቁላል ኮሌስትሮል የሞላበት ስለሆነ የዶሮ ደም ለሙከራ ይመቻል ብለው ነው። የዶሮዎቹ የደም ኮሌስትሮል እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። በ1978 ደግሞ በኦሳካ ከተማ አኪራ ያማሞቶ የተባለ ሐኪም ለአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ሰጣት፤ ኮሌስትሮሏ በውርስ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ቅባቱ ወረደላት፣ ግን ጡንቻዋ ደከመ። መድኃኒቱን አቁሞ መጠኑን በመቀነስ ቀጠለ። ይህን በአእምሮአችሁ ያዙልኝ፤ ዛሬም ኪኒኑን የሚውጥ ሰው ጡንቻዬን አመመኝ ሲል ሐኪም ችላ የማይለው ስለዚህ ነው።

በዚያው በ1978 ሮዝማሪ ኦስትዋልድና መሐሪ ገብረመድኅን የተባሉት ተመራማሪዎች፣ አመጋገብ ወደ ፈረንጆቹ ሲያዘነብል የኢትዮጵያውያን የደም ቅባት ምን እንደሚሆን የሚመረምር ጽሑፍ በአንድ የአሜሪካ የሥነ ምግብ መጽሔት ላይ አወጡ። ፕሮፌሰር መሐሪ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትን የመሩ የአገራችን ሐኪም ናቸው። ይህ ኢንስቲትዩት የብዙዎቻችንን ልጆች ያሳደገው ፋፋ የወጣበት ቤት ነው። እንግዲህ የደም ቅባት ጉዳይ በአገራችን ሰው ደም ላይ መመርመር የጀመረው ትናንት አይደለም። እኛ ጆሮ አልሰጠነውም እንጂ።

አሁን ወደ 1977 እንመጣለን። ይህን ክፍል ማሳጠር ፈልጌ ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

እኔ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናታችን ወንድሜን አርግዛ አምስተኛ ወሯ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ማሽላው ሳያሽት ደረቀ፤ በሁለተኛው ዓመት ዘሩን በላነው። ከብቱ አለቀ፤ ራያ ወተትና ቅቤ የማይጠፋበት አገር ነበር ሲባል የሰማችሁት ሁሉ በዚያ ዓመት ቀረ። ከቆቦ ወደ አላማጣ፣ ከአላማጣ የግራካሱን ዳገት ወጥተን ኮረም ገባን። በዚያን ጊዜ ኮረምም አላማጣም ከእኛው ጋር በራያና ቆቦ አውራጃ ውስጥ ነበሩ። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ዓለምን ያስለቀሰውን ዜና ያቀረበው ከዚያው ከኮረም ሜዳ ነው። እኔ ካሜራውን አላየሁም። የማስታውሰው ጧት ጧት በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሰለፈውን ሬሳና ብርዱን ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ቅሬ አልነበረም። ማን ማንን ይቀብራል? ቀባሪውም ነገ ተቀባሪ ነበር።

ወንድሜ በዚያው ዓመት መጠለያ ውስጥ ተወለደ። ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ነበር። እናታችን ጡቷ ደርቆ ስለነበር በዱቄት ወተትና በፋፋ ነው የተረፈው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1978፣ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት አሸናፊ መሆናቸው ተነገረ። ሽልማቱ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም ውስጥ በምን መንገድ ይዞ እንደሚያስወግድ በማግኘታቸው ነው። የኪኒኑም አሠራር በዚሁ ተገለጸ። ኪኒኑ በጉበት ውስጥ ያለውን ማምረቻ ሲያግድበት፣ ጉበት ያነሰውን ለመሙላት ከደም ውስጥ መጥረግ ይጀምራል። በ1979 ማብቂያ ላይ (በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 1987) መርክ የሚባለው ኩባንያ ከሌላ ሻጋታ ያወጣው ሎቫስታቲን በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ሥራ ላይ የዋለ ስታቲን እርሱ ነው። የኤንዶ ኮምፓክቲን ግን ኩባንያው በውሾች ላይ በታየ ነገር ፈርቶ በ1980 ስላቆመው ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። ኤንዶም በግንቦት 2016 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ዐረፈ። የብዙ ሚሊዮን ሰው ዕድሜ ያራዘመ ሰው ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ኪኒኑ ቅባት መቀነሱ ብቻ ሞትን ይቀንሳል ማለት እንዳልሆነ የሚከራከሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ተገቢ ነበር። ክርክሩን የቆረጠው በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት ነው። ልባቸውን የታመሙ 4,444 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን ከአምስት ዓመት በላይ ወሰዱ። ምንም የሌለበትን ከወሰዱት 256፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት ደግሞ 182 ሞቱ። እኔ የቀብር ማኅበር ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከሁሉ ነገር ይልቅ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ገቡኝ። የ74 ድንኳን ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ሲምቫስታቲንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የአቶርቫስታቲን የባለቤትነት መብትም በ2011 በአሜሪካ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው ኪኒኑ እንደ እኛ ባለ ከተማ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ በደንብ መታየት የጀመረው።

ለወንድሜ ጥያቄ መልስ የሆነው ጽሑፍ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ነው። ጌታቸው አራጌ፣ ተፈራ በላቸውና ባልደረባቸው ያደረጉት ጥናት ሲሆን የታተመው በእንግሊዝ የሥነ ምግብ መጽሔት ላይ ነው። የተጠናው የት መሰላችሁ? እዚሁ ራያ ቆቦ ወረዳ! በታላቁ ረሀብ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩትን ሰዎች ካደጉ በኋላ ፈልገው አገኙ፤ ረሀቡ ካለፈ በኋላ ከተወለዱት ጋርም አስተያዩአቸው። በማሕፀን ሳሉ ረሀብ ያገኛቸው የወገብ ስፋት፣ የደም ስኳር፣ የደም ግፊትና የትራይግሊሰራይድ ቅባት በአንድነት የሚጨምሩበት የጤና ጉድለት ይበልጥ ታየባቸው። ከዚህ በፊት በሆላንድ አገር በ1944–45 ክረምት ጀርመኖች እህል አግደው ባስራቡት ሕዝብ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በዚያ ክረምት የተፀነሱት ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው የደም ቅባታቸው የተበላሸና ልባቸው የታመመ ሰዎች በዝተው ተገኙ።

ሐኪሞቹ ሲያስረዱ፣ በማሕፀን የተራበ ልጅ ሰውነቱ ለረሀብ ይዘጋጃል ይላሉ። ያገኘውን ቆጥቦ መያዝ ይማራል። ከዚያ ተወልዶ ረሀቡ ሲያልፍ ያ ሰውነት ትምህርቱን አይረሳም። እንግዲህ የጠገበ ሰው በሽታ ያልነው የተራበ ሰውም በሽታ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት በ1977 የተፀነሰ ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ አጋጣሚው ሰፋ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች አሁን ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው፤ በቅሬያችን ውስጥ ድንኳን የሚተክሉት፣ ቃሬዛ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ሌላው የአገራችን ሰው ቢሆንም ነፃ አይደለም። በ2015 በመላ ኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ በተደረገው የጤና ጥናት ከ100 ሰው ወደ 5 የሚሆነው ኮሌስትሮሉ፣ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በዚህ ላይ ዘይቱን ጨምሩበት። ድሮ በቤታችን ኑግ ወይም ሰሊጥ ነበር፤ ያውም በጠብታ። ኋላ በቀበሌና በሸማቾች ሱቅ የመጣው ፓልም ዘይት ግን ግማሹ ያህል የሚረጋ ቅባት ነው። በቆቦ ሙቀት ውሃ መስሎ የሚታየውን ጄሪካን ኮረም ይዛችሁ ውጡና እዩት፤ አድሮ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ርካሽ ስለሆነ ገዛነው፤ ገዝተንም ያለ ልክ አፈሰስነው። የገዛውን ሰው አልወቅስም፣ ሌላ የሚገዛው አልነበረውምና።

ወንድሜ ኪኒኑን ሦስት ወር ዋጠ። ደሙ ድጋሚ ሲታይ ቅባቱ ወርዶ ነበርና «ተሻለኝ» ብሎ አቆመ። በእርሱ አልፈርድም። ወባ ሲይዘን ኪኒን ውጠን ስንድን እናቆማለን፤ የምናውቀው የመድኃኒት ሕግ ይህ ነው። ስታቲን ግን እንደዚያ አይደለም። ጉበቱን የሚያግደው በሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሲያቆሙት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቅባቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሲመለስም አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። ሐኪሙ ይህንን ጊዜ ወስዶ ቢነግረው ኖሮ ያን ዓመት ባላቋረጠ ነበር፤ ለካ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም አንድ ሰው ነው።

በጾም ምክንያት የሚያቆሙም አሉ። ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ ሲምቫስታቲን እንዲያውም ማታ ነው የሚመረጠው፤ ጉበት ኮሌስትሮሉን ይበልጥ የሚያመርተው ሌሊት ስለሆነ። ስለዚህ እስላሙም ካፈጠረ በኋላ፣ ክርስቲያኑም ከምግቡ ጋር ቢወስደው ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ግን ለሐኪሟ ሳትነግር አትውሰደው። የጡንቻ ሕመም ወይም የሽንት መጥቆር የታየበት ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለጎረቤት ከታዘዘው ተካፍሎ መዋጥም ደግ አይደለም።

በ2012 ወንድሜን እንደገና አስጀመርነው። በዚህ ጊዜ የ1977ቱን ጥናት ነገር ሰምቼ ስለነበር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለዚህ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ነው የሚከተለኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላቋረጠም። ሚስቱ ኪኒኑን ከቡና ረከቦቱ ጎን ታስቀምጥለት ነበር።

በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 የነበረውን እናንተም አብራችሁ ያሳለፋችሁት ስለሆነ አልዘረዝረውም። መንገድ ተዘጋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ፣ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት ቤቱም ባዶ ሆነ። የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን አጥተው ስንቱን እንደቀበርን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሁሉ መካከል የቅባት ኪኒን አለቀ ብሎ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜም አልጮኸም። የደም ብዛቱም የቅባቱም ኪኒን በነሐሴ መጨረሻ አለቀበት። በኅዳር አንድ ጧት ከአልጋው ሊነሣ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ተጣመመ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ኪኒኑ ቢኖር ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ ይህን ማንም ሊምል አይችልም። የምናገረው መድኃኒቱ እንዳለቀና እርሱም እንደሞተ ነው። ድንኳን አልተከልንም። ስድስት ሰው ሆነን በጧት ቀበርነው። ከስድስቱ አራቱ የእርሱ እኩዮች፣ የ1977 ልጆች ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ከአራቱ አንዱን ይዤ ለምርመራ ሄድኩ፤ ቅባቱ ከፍ ብሎ ተገኘና ኪኒን ታዘዘለት። አሁን የጤና መድን ደብተር ስላለው ምርመራው አላስቸገረውም። ያስቸገረው መድኃኒቱ አንዳንድ ወር እዚህ ስለማይገኝ ወልድያ ድረስ መሄዱ ነው፤ የመኪናው ዋጋ ከኪኒኑ ይበልጣል።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አስመዝግቤአለሁ። አንደኛው፣ ቅሬያችን ለቀብር ከሚያስቀምጠው ገንዘብ ላይ ጥቂት ተነሥቶ፣ በየወሩ ከወልድያ መድኃኒት የሚያመጣ አንድ ሰው እንዲላክና የብዙዎቹን በአንድ ጉዞ እንዲያመጣ ነው። ሁለተኛው፣ በ1976፣ በ1977ና በ1978 የተወለዱ አባሎች ስም ከመዝገቡ ተለይቶ እንዲወጣና በአንድ ቀን አብረው ለምርመራ እንዲሄዱ ነው። ስማቸውን ለይቼ ጽፌ ጨርሻለሁ። ዝርዝሩ እኔ ዘንድ አለ፤ የተወለደበትን ዓመት በትክክል የማያውቅ ደግሞ እናቱ በኮረም ወይም በቆቦ መጠለያ እንደነበረች ካወቀ ይበቃል፣ መጥቶ ያስመዝግብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቅሬው ዕቃ ቤት አለሁ።